«ኮከባችን አልገጠመም» ከማለታችሁ በፊት ቀና በሉ

እስቲ በአንድ ጥያቄ እንጀምር። ከቤታችሁ ደጃፍ ቆማችሁ፣ ወይም ከትዳር ጓደኛችሁ ጋር ጎን ለጎን ተቀምጣችሁ፣ የምሽቱን ሰማይ ረጋ ብላችሁ ያያችሁት መቼ ነው? «አላስታውስም» ካላችሁ አትፈሩ። እኔም እስከዚያች ምሽት ድረስ እንደ እናንተ ነበርሁ።

የካቲት 22 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ ረቡዕ፣ የዓድዋ በዓል ዋዜማ ነበር። ከባለቤቴ ጋር በምናገለግልበት በምዕራብ ሐረርጌ በቦኬ መብራት ጠፍቶ፣ ግቢ ውስጥ ሆጃ አፍልቼ ተቀምጫለሁ። ካገባች ዓመት ያልሞላት አንዲት የጉባኤያችን ወጣት ገባች። ልብሷን በትንሽ ሻንጣ ይዛለች። በነጋታው ጠዋት ወደ ወላጆቿ ወደ ጭሮ ልትሄድ ነው።

«እትዬ፣ እኔና እሱ ኮከባችን አልገጠመም» አለችኝ። አክስቷ የሁለቱንም ስም አስቆጥራ ኖሯል። እሱ ሐመል፣ እሳት ነው ተባለ። እሷ ሸርጣን፣ ውሃ ናት ተባለች። «እሳትና ውሃ በአንድ ቤት እንዴት ይኖራሉ?» አለችና አለቀሰች።

እኔ ፈጥኜ መለስሁላት። «ይሄ የጠላት ሥራ ነው፣ አትስሚ፤ ነይ እንጸልይ» አልኋት። ጸለይን። እሷም ዝም አለች፤ ዝምታዋ ግን የማመን አልነበረም። የአገልጋይ ሚስት የሆናችሁ እህቶቼ ያንን ዝምታ ታውቁታላችሁ።

በዚህ መካከል ባሏ ሊወስዳት መጥቶ ደጁ ላይ ቆመ። ማንም ቃል አልወጣውም። ከሐፍረት ይሁን ከጭንቀት ፊቱን ወደ ምዕራብ አዞረና፣ «እትዬ፣ እነዚያ ሁለቱ ምንድን ናቸው?» አለ። ሁላችንም ቀና አልን። ፀሐይ በገባችበት በኩል፣ ከኮረብታው በላይ፣ ሁለት ብርሃኖች ተጠጋግተው ይበራሉ። እጅን ወደ ፊት ዘርግቶ በትንሿ ጣት ቢጋርዷቸው ሁለቱም ይሸፈኑ ነበር። አንደኛዋ በጣም ደማቅ፣ ሌላው ፈዘዝ ያለ ነው። ባለቤቴ «ሳተላይት ይሆናል» አለ። ወጣቷ «ምልክት ይሆን?» ብላ ወደ እኔ አየች። እኔ መጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ የተማርሁ፣ ስለ ፍጥረት ለሕፃናት ያስተማርሁ ሴት፣ መልስ አልነበረኝም።

ወጣቷ በዚያ ሌሊት አልሄደችም። በነጋታው በዓል ነበርና መኪናም አልተገኘ። እኔም በነጋታው አንድ የፊዚክስ መምህር ጠየቅሁ። ከእሱ የተማርሁትን፣ ከዚያም ወዲህ ራሴ በዓይኔ አይቼ ያረጋገጥሁትን ነው ዛሬ ላካፍላችሁ የፈለግሁት።

ኮከብ ቆጣሪው ሰማይ አያይም

በእኛ በወንጌል አማኞች መካከል የኮከብ ነገር ሲነሣ ብዙዎቻችን እንሸሻለን። ከኮከብ ቆጠራ መሸሻችን መልካም ነው። ነገር ግን ሥነ ፈለክና ኮከብ ቆጠራ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሥነ ፈለክ ሰማዩን አይቶ፣ ለክቶ፣ መዝግቦ የሚያውቅ ትምህርት ነው።

የኮከብ ቆጠራው ግን እንዴት እንደሚሠራ ታውቃላችሁ? «አውደ ነገሥት» በሚባለው የታወቀ መጽሐፍ መንገድ የሚሄድ ሰው የእናንተን ስምና የእናታችሁን ስም ይጠይቃል። ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር አለው። ቁጥሮቹን ደምሮ ለአሥራ ሁለት ይገድፋቸዋል። የቀረው ቁጥር ሐመል፣ ሰውር፣ ጀውዛ፣ ሸርጣን እያለ ወደ አንዱ ይመራዋል። ከዚያ እሳት፣ መሬት፣ ነፋስ ወይም ውሃ ይላችኋል። ልብ አድርጉ፣ በዚህ ሁሉ ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ ቀና ብሎ ሰማይ አላየም! ከጣሪያ ሥር ተቀምጦ የቆጠረው ፊደል ነው። ስማችሁን ብትለውጡ «ኮከባችሁ» ይለወጣል ማለት ነው፤ በላይ ያሉት ከዋክብት ግን ይህን አያውቁም።

የሚገርመው፣ እነዚያ አሥራ ሁለት ስሞች መጀመሪያ የእውነተኛ ቦታዎች ስም ነበሩ። ፀሐይ፣ ጨረቃና ፕላኔቶች የሚሄዱበት መንገድ በሰማይ ላይ አለ፤ ስሞቹም በዚያ መንገድ ዳር ያሉ የከዋክብት ስብስቦች መጠሪያ ናቸው። ያን መንገድ ማየት የሚፈልግ ሰው ግን መጽሐፉን ዘግቶ ወደ ውጭ መውጣት አለበት።

ፕላኔትን ከኮከብ ለመለየት ሦስት ጥያቄዎች

ያለ ምንም መሣሪያ በዓይናችን የምናያቸው ደማቅ ፕላኔቶች አምስት ናቸው፦ ሜርኩሪ፣ ቬነስ፣ ማርስ፣ ጁፒተርና ሳተርን። የቀድሞ ሊቃውንቶቻችን ዐጣርድ፣ ዝሁራ፣ መሪኅ፣ መሽተሪ፣ ዙሐል ይሏቸው ነበር። እንደ ጨረቃ ሁሉ የራሳቸው ብርሃን የላቸውም፤ የምናየው በእነርሱ ላይ ያረፈውን የፀሐይ ብርሃን ነው። አንድ ደማቅ ብርሃን ስታዩ እነዚህን ሦስት ነገሮች ጠይቁ።

1. ይርገበገባል ወይስ ረግቶ ይበራል? ከዋክብት እጅግ ሩቅ ስለሆኑ ብርሃናቸው የሚደርሰን ከአንዲት ነጥብ እንደሚወጣ ሆኖ ነው። አየሩ ሲናወጥ ያቺ ነጥብ አብራ ትናወጣለች፤ ስለዚህ ኮከብ ይርገበገባል። ፕላኔት ግን ለእኛ ቅርብ በመሆኑ ትንሽ ክብ ነው፤ ስለዚህ ብርሃኑ የረጋ ነው። አድማስ ላይ ዝቅ ሲል ግን ፕላኔትም ሊርገበገብ ይችላልና ከፍ ሲል እዩት።

2. በጨረቃ መንገድ ላይ ነው? ፕላኔቶች ፀሐይና ጨረቃ ከሚሄዱበት መንገድ ብዙ አይርቁም። ይህ መንገድ በእኛ አገር ከምሥራቅ ተነሥቶ ከራሳችን በላይ ወይም በአቅራቢያው አልፎ ወደ ምዕራብ ይወርዳል። ስለዚህ በሰሜን ወይም በደቡብ አድማስ ላይ ዝቅ ብሎ የሚበራ ነገር ስታዩ፣ ምንም ያህል ቢደምቅ ፕላኔት አይደለም።

3. ከሳምንት በኋላ ቦታውን ለውጧል? ከዋክብት እርስ በርሳቸው ያላቸው አቀማመጥ በሰው ዕድሜ ሲለወጥ አይታይም። ፕላኔት ግን በከዋክብት መካከል ይጓዛል። በአጠገቡ ያሉትን ሁለት ሦስት ከዋክብት በደብተር ላይ ነጥብ አድርጋችሁ ሣሉ። ከሳምንት ወይም ከሁለት ሳምንት በኋላ ሥዕሉን ከሰማዩ ጋር አስተያዩ። የተንቀሳቀሰው እሱ ነው።

አምስቱን በየስማቸው

ቬነስ። ከፀሐይና ከጨረቃ ቀጥሎ በሰማያችን በድምቀት የሚስተካከላት የለም። በወፍራም ደመና የተሸፈነች ናትና የፀሐይን ብርሃን አብዝታ ትመልሳለች። ከእኛ ይልቅ ለፀሐይ ቅርብ ስለሆነች ከፀሐይ ብዙ አትርቅም። እጃችሁን ዘርግታችሁ በጡጫችሁ ብትለኩ፣ ፀሐይ በምትገባበት ሰዓት ከአድማስ በላይ አምስት ጡጫ አትሞላም። ስለዚህ ማታ ከምዕራብ፣ ንጋት ላይ ደግሞ ከምሥራቅ ብቻ ትታያለች። በእኛ አካባቢ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ቬነስን አትፈልጉ፤ ገብታለች። በእኩለ ሌሊት ከራሳችሁ በላይ የሚያበራውም እሷ አይደለችም።

አጥቢያ ኮከብ የምንላት ይህችው ናት። ለወራት የምሽት ኮከብ ሆና ትቆያለች፤ ከዚያ ወደ ፀሐይ ቀርባ ትሰወርና በንጋት በኩል ብቅ ትላለች። በጥንት ግሪኮች ዘንድ የማታዋና የንጋቷ በሁለት ስም የሚጠሩ ሁለት ከዋክብት ነበሩ። የእኛ ጎረቤት ግን እንዲህ አልተሳሳቱም። መጋቢት 15 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ የረመዳን ጾም በገባ በሁለተኛው ምሽት፣ ቀጭኗ ጨረቃ ከቬነስ ትንሽ ከፍ ብላ ታየች። ሙስሊሟ ጎረቤታችን እማማ አጥር ለአጥር ሲያዩኝ፣ «ይህችማ በካልቻ ናት፤ አሁን ወደ ማታ ተሻግራለች» አሉኝ። በካልቻ በኦሮምኛ የንጋት ኮከብ ናት። እኔ ከመጽሐፍ ያገኘሁትን እርሳቸው ገና ጎህ ሳይቀድ ወደ ገበያ ሲሄዱ አይተው ያውቁት ነበር።

ጁፒተር። ከቬነስ ቀጥሎ ብዙውን ጊዜ ደማቁ እሱ ነው፤ ቀለሙ ነጣ ያለ፣ ወደ ክሬም የሚያደላ ነው። ስፋቱ የምድራችንን አሥራ አንድ እጥፍ ያህላል። እንደ ቬነስ ከፀሐይ አጠገብ የታሰረ አይደለም፤ ማታ ከምሥራቅ ሊወጣ፣ እኩለ ሌሊት ላይ ከራሳችን በላይ ሊሆን ይችላል። መንገዱን አንድ ጊዜ ለመዞር አሥራ ሁለት ዓመት ያህል ይፈጅበታል። ዘንድሮ በአንዱ የከዋክብት ስብስብ አጠገብ ካያችሁት፣ በሚቀጥለው ዓመት በቀጣዩ ሰፈር ፈልጉት። ባይኖኩላር ያለው ሰው እጁን በአጥር ላይ አስደግፎ ቢያየው በጎኑ ትናንሽ ነጥቦች ተሰልፈው ያገኛል። እነዚህ በ1610 እ.ኤ.አ. ጋሊልዮ በቴሌስኮፑ ያያቸው አራቱ ጨረቃዎች ናቸው።

ማርስ። እንደ ፍም ቀላ ያለ ነው፤ መሬቱ የዛገ ብረት የበዛበት በመሆኑ ነው። በየ26 ወሩ ገደማ ወደ እኛ ሲቀርብ በጣም ይደምቃል፤ ሲርቅ ደግሞ ተራ ኮከብ ይመስላል። በጥር 2017 ዓ.ም. እንዲህ ደምቆ ታይቶ ነበር። ይህን ስታውቁ፣ «ቀይ ኮከብ ወጣ፣ ደም ሊፈስ ነው» የሚለው ወሬ አያስደነግጣችሁም። ተራው ደርሶ ቀርቦ ነው።

ሳተርን። ቢጫ መሰል፣ ፈዘዝ ያለና የረጋ ነው። ዝነኛ ቀለበቱ ያለ ቴሌስኮፕ አይታይም። ዝግተኛ ነው፤ ዙሩን ለመጨረስ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ተኩል ያህል ይፈጅበታል። ዛሬ የወለዳችሁት ልጅ ለትዳር ሲደርስ፣ ሳተርን በተወለደበት ጊዜ ወደነበረበት ሰፈር ገና እየተመለሰ ነው።

ሜርኩሪ። ለማየት አስቸጋሪው እሱ ነው። ከፀሐይ ከሦስት ጡጫ አያልፍም፤ በምሽቱ ሰማይ አንድ ሁለት ሳምንት ብቻ፣ ገና ሰማዩ ሳይጨልም አድማስ ላይ ብቅ ይልና ይሰወራል። እኛ ግን ዕድለኞች ነን። ለምድር ወገብ ቅርብ በመሆናችን የፕላኔቶቹ መንገድ ከአድማሳችን ቀጥ ብሎ ይነሣል፤ ስለዚህ በአውሮፓ ካሉት ይልቅ ሜርኩሪን ለማየት እኛ እንሻላለን። ምዕራቡ ያልተጋረደበት ኮረብታ ብቻ ፈልጉ።

ዓይንን የሚያታልሉ ነገሮች

ከጥር እስከ ሚያዝያ ባሉት ምሽቶች በጣም ደምቆ፣ ነጭና ሰማያዊ እየሆነ የሚርገበገብ ኮከብ ታያላችሁ። ይህ ሲሪየስ ነው፤ በሌሊቱ ሰማይ ከሚታዩት እውነተኛ ከዋክብት ሁሉ ደማቁ ነው። በመጽሐፈ ኢዮብ ስሙ የተጠቀሰው ኦሪዮን አለ፤ በመሐሉ ሦስት ከዋክብት በአንድ መስመር ተደርድረውበታል። የእነዚያን ሦስት ከዋክብት መስመር በአንድ በኩል ብትከተሉት ወደ ሲሪየስ ያደርሳችኋል። በሌላው በኩል ብትከተሉት አልደባራን የሚባለውን ቀላ ያለ ኮከብ ታገኛላችሁ፤ ብዙዎች ማርስ ይመስላቸዋል።

በዓይናችሁ ፊት የሚሮጥ ብርሃን ፕላኔት አይደለም። ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ አውሮፕላን ነው። ሳይርገበገብ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሰማዩን የሚያቋርጥ ከሆነ ሳተላይት ነው። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ስታርሊንክ የሚባሉት ሳተላይቶች በተመጠቁ ሰሞን እንደ ዶቃ ተሰልፈው ሲያልፉ ይታያሉ። ይህን አይታችሁ «ራእይ አየሁ» ብላችሁ መድረክ ላይ ከመውጣታችሁ በፊት አንድ ምሽት ታገሡ።

ታኅሣሥ 12 ቀን 2013 ዓ.ም. ጁፒተርና ሳተርን እጅግ ተቀራርበው አንድ ኮከብ መስለው ታዩ። በዓለም ዙሪያ ብዙዎች የቤተልሔም ኮከብ ተመለሰ አሉ። ሁለቱ በየሃያ ዓመቱ ይገናኛሉ፤ ያን ያህል ተጠጋግተው በሌሊት ሰማይ በግልጽ ሲታዩ ግን ከስምንት መቶ ዓመት ገደማ በኋላ የመጀመሪያው ነበር። ቀጣዩ ግንኙነታቸው በ2033 ዓ.ም. ነው። ቀኑ ከወዲሁ ተሰልቶ የታወቀው ፈጣሪ ሥርዓት ስለ ሰጣቸው ነው።

የዚያች ምሽት ሁለቱ ብርሃኖች

የፊዚክስ መምህሩ የነገረኝ ይህ ነው፦ ያየናቸው ቬነስና ጁፒተር ነበሩ። ተነካክተው የታዩን ከእኛ ሲታዩ በአንድ አቅጣጫ ስለነበሩ ነው እንጂ፣ ጁፒተር ከቬነስ ይልቅ ከአራት እጥፍ በላይ ከእኛ ይርቅ ነበር። «በሦስት ቀን ውስጥ ተለያይተው ታያቸዋለሽ» አለኝ።

ቅዳሜ ማታ ወጣቶቹን ባልና ሚስት ጠራኋቸው። በርጩማ አውጥቼ ጎን ለጎን አስቀመጥኋቸው፤ ስለ ኮከብ ቆጠራ አንድ ቃል አልተናገርሁም። «እስቲ እዩ፤ ምን ተለወጠ?» ብቻ አልኋቸው። እሷ ቀደመች። «እትዬ፣ ደማቋ ከሥር ነበረች፤ አሁን ወደ ላይ ወጣች!» አለች። ቬነስ ናት፣ ያ ደግሞ ጁፒተር ነው አልኋቸው። ባልዋ ሳቀና፣ «ከተጋባን ወዲህ እንዲህ አብረን ውጭ ተቀምጠን አናውቅም» አለ።

ዝም ብለን ስናይ ቆየን። በጨለማ ፊት ለፊት የማይተያዩ ሰዎች ብዙ ነገር ይናገራሉ። እሱ ጫት በሚጫንበት ሥራ ላይ ነው፤ ሌሊት ወጥቶ ሲነጋ ይመለሳል። ደመወዙን ከፍሎ ለእናቱ ይልካል፤ ለእሷ ግን አልነገራትም። እሷ ገንዘቡ ሲጎድል ሌላ ሴት ያለችው መሰላት። እሱ ደግሞ ስትኮሳተር አይቶ የቤተሰቡን ድኽነት የናቀች መሰለው። ይህን ሁሉ ያወጡት በዚያ ሰማይ ሥር ነው። «ኮከባችን አልገጠመም» ሲሉት የኖሩት ነገር ስሙ ሌላ ነበር። ለእናት የሚላክ ገንዘብና ያልተነገረ ነገር ነበር።

በአንድ ቀን ሁሉ ተስተካከለ ብዬ አላታልላችሁም። ስለ ገንዘቡ ለመስማማት ወራት ፈጅቶባቸዋል፤ ባለቤቴም ደጋግሞ አነጋግሯቸዋል። ሻንጣዋን ግን ፈትታለች። እኔም የራሴን ስሕተት አየሁ። በዚያ ረቡዕ ለጥያቄዋ ፈጥኜ ስም ሰጠሁት እንጂ ምን እንደሆነ አልጠየቅኋትም። በሰማይ ያለውን ብርሃን ለይተን በስሙ ሳንጠራ እንደፈራነው ሁሉ፣ የልጅቷንም ሕመም ሳላውቀው ገሥጬዋለሁ።

ለባልና ሚስት የአንድ ወር ልምምድ

• ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ወራት ሰማዩ ጥርት ይላልና ቢቻል በዚያ ጀምሩ። በክረምት ደመናው ይጋርዳል።

• በሳምንት አንድ ምሽት፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት ገደማ ለሃያ ደቂቃ ውጡ። ስልክ ቤት ይቀመጥ። ዓይናችሁ ጨለማውን እስኪለምድ ታገሡ።

• ያያችሁትን ደማቅ ብርሃን በደብተር ሣሉ፤ ቀኑን ጻፉ፤ ሦስቱን ጥያቄዎች ጠይቁ። በየሳምንቱ ከቀድሞው ሥዕል ጋር አስተያዩ። ስሙን ገምቱና ተከራከሩ።

• ገምታችሁ ስትጨርሱ ብቻ ስልክ አውጡ። ስቴላሪየም የሚባለው ነፃ መተግበሪያ ትክክል መሆናችሁን ይነግራችኋል። አስቀድማችሁ ከከፈታችሁት ግን ዓይናችሁ አይማርም።

• ልጆቻችሁን አስከትሉ። አዲስ አበባ ያላችሁ፣ በ1996 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ እንዳለ፣ በእንጦጦ ተራራም መስተዋታቸው አንድ አንድ ሜትር የሚሰፋ ሁለት ቴሌስኮፖች እንደተተከሉ ንገሯቸው። ሰማይን ማጥናት የኢትዮጵያዊ ልጅም ሥራ እንደሆነ ይወቁ።

በመጨረሻ አንድ ነገር ልጨምር። ቬነስ በየስምንት ዓመቱ፣ በዚያው ወር፣ ወደዚያው የሰማይ ክፍል ትመለሳለች። ኮሮና ወደ አገራችን በገባበት በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ማታ ማታ በምዕራብ ደምቃ ትታይ ነበር፤ በመጋቢት 2020 ዓ.ም. በዚያው ቦታ ታገኟታላችሁ። እነዚያ ባልና ሚስት ያዩዋት ደግሞ በየካቲት 2023 ዓ.ም. ትመለሳለች። ያን ጊዜ ጁፒተር ከአጠገቧ አይኖርም። ጌታ ቢፈቅድና በሕይወት ብንኖር ግን፣ እነሱ ከእነልጆቻቸው በእኛ ግቢ በርጩማ ላይ ተቀምጠው እንዲያይዋት ከወዲሁ ጋብዣቸዋለሁ። ሆጃውን እኔ አፈላለሁ።

እናንተስ? ዛሬ ማታ እራት ሳይቀርብ ባለቤታችሁን ጥሩና ወደ ደጅ ውጡ። ተባረኩ!